የአጎቴ ድኩላና የምታፏጨው ድስት

ያን ቀን መንደራችንን ባዶ ያስቀረውን ጥይት የተኮሰው አጎቴ ነው። ይህን ከመንደሩ ሰው ሁሉ ቀድመን ያወቅነው እኔና ሚስቱ ነን። ምስጢሩን ለሦስት ተካፍለን የያዝነው ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ብቻ ነው፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የደከምኩበት ቀን የለም።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ወደ እኛ በመጣበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው። እኔ ከአረብ አገር የተመለስኩት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው በየመንገዱ ሲጨፍር በነበረበት ሰሞን ነበር። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ማብሰል በቃኝ ብዬ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከውሃው ብዙም ሳልርቅ፣ አሣ እየጠበስኩ የምሸጥባት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ደህና ይዞልኝ ነበር። ውጊያው ሲቃረብ ግን በሬን ቆልፌ ከውጫሌ በላይ ወዳለው የአጎቴ መንደር ወጣሁ። ይዤ የሸሸሁት ሁለት ቅያሪ ልብስና አንድ ድስት ነው። ድስቷ ከአረብ አገር ያመጣኋት፣ ክዳኗ ተጠምዝዞ የሚገጠም፣ እንፋሎቱን አፍና የበሬ ቋንጃ እንኳ ብትሰጧት በአንድ ሰዓት የምታላላ ናት። ሆዷ ውስጥ ቅመሞቼን ጠቅጥቄባታለሁ፤ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ደግሞም ደርቆ እንደ ከሰል የጠቆረ ሎሚ። የአጎቴ ሚስት ያን ሎሚ መጀመሪያ ያየች ቀን በሁለት ጣቷ አንስታ አሸተተችና፣

"የግመል በጠጥ ተሸክመሽ ነው ከዚያ ድረስ የመጣሽው?" አለችኝ።

በዚያ ወር መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ወፍጮው ቆሟል፣ የውጫሌ ገበያ ተበትኗል። ፍየልና በግ የነበረው ሰው ወይ ሸጦ ጨርሷል ወይ ወደ ቆላ አሽሽቷል። ሥጋ ከአፋችን ከራቀ ሁለተኛ ወሩ ነበር። ሽንኩርት የሌለበት ሽሮ በልተን፣ የተቆላ ማሽላ ቆርጥመን፣ አልሐምዱሊላህ ብለን እንነሳለን፤ አጎቴ ግን አልሐምዱሊላህ ካለ በኋላ ጥርሱን የሚጎረጉርበት እንጨት ይፈልግ ነበር። ሚስቱ፣ "ምን ገብቶበት ነው የምትጎረጉረው?" ስትለው፣ "እንዳይረሳ ነው" ይላታል።

ተኩስ ሲሰማ መላው መንደር ከእርሻው በታች ወዳለው ሸለቆ ይወርዳል። ለዚያ ሲባል የየቤቱ ጥቅል ታስሮ በር ሥር ተቀምጧል። ከአጠገባችን የምትኖር አንዲት መበለት ከሁሉ በፊት የምታነሳው ቀይ ዶሮዋን ነው። ዶሮዋ ራሷ ከመልመዷ የተነሳ ጫጫታ ሲነሳ ወደ ሴትዮዋ ብብት ትሮጥ ነበር። አንዳንዱ ወጣት ታዲያ ጀብዱ እየመሰለው ወደ ሰማይ ይተኩስና መንደሩን በከንቱ ያስሮጣል። ሽማግሌዎቹ በዚህ ተማረው ተሰበሰቡና ከእንግዲህ ማንም፣ በምንም ምክንያት፣ አንዲት ጥይት እንዳይተኩስ ወሰኑ። ሐሳቡን ያመጣው አጎቴ ነው። ምንሽሩን ተደግፎ ቆሞ፣ "የተኮሰ ሰው ለዳኝነት ይቁም፤ የእናቴ ልጅ ቢሆን አልምርም!" ያለውም እሱ ነው። ሰው ሁሉ መረቀው።

በሦስተኛው ቀን ከማሽላው እርሻ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ድኩላ እርሻ ገብቷል" አለ።

"ማሽላውን በላው?" አለች ሚስቱ።

"እስካሁንስ ብዙ አልነካውም። ግን ወንድ ነው፤ ትልቅ ነው። ይነካዋል።"

"ውሳኔውን ያመጣው ማን ነበር?"

"እኔ ልተኩስ አልኩ እንዴ? ጠዋት ሄጄ ላየው ነው።"

በማግስቱ ማለዳ ሱብሂ ሰግዶ ሲወጣ ምንሽሩ ትከሻው ላይ ናት። ሚስቱ ከምድጃው ቀና ሳትል፣ "ለማየት መሣሪያ ምን ያደርጋል?" አለችው። "ልማድ ነው" አላት። በሩን ሊያልፍ ሲል ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ቢላዋውን ረስተኸዋል" አለችው። ተመለሰና ወሰደ።

ፀሐይ ከወጣች ብዙም አልቆየች፤ ያች ጥይት ጮኸች። አንዲት ናት፤ ግን ተራራው ተቀባብሎ አምስት አደረጋት። መንደሩ ተነሳ። በሮች ተበረገዱ፣ ልጆች ታዘሉ፣ ዶሮዋ ብብት ገባች። እኔ አጎቴ ምንሽር ይዞ መውጣቱን በዓይኔ አይቼ ሳለሁ፣ ወላሂ፣ እግሬ ከሐሳቤ ቀድሞ ድስቴን አቅፌ ሮጥኩ። የቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። ዞር ብዬ የአጎቴን ሚስት አየኋት። እሷም አየችኝ። ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ የነበረች ሴት እያለቀሰች መስሏት አቀፈቻት።

ሸለቆው ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን። ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ። ከእኛ በላይ ካለው ቤት የሚኖሩት ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ በጃንሆይም በደርግም ጊዜ ወታደር የነበሩ ሽማግሌ፣ ጆሯቸውን ወደ ተራራው አዙረው ቆይተው፣

"እኔ እስከማውቀው ጦርነት አንዲት ጥይት ተኩሶ አይሄድም" አሉ።

በዚህ መሐል አጎቴ በወዲያኛው በኩል እየተንሸራተተ ወረደ። መንደሩ ሲሸሽ ከላይ ሆኖ አይቶ ደንግጦ ነው የመጣው፤ ሊናገር ነው የመጣው። ግን ሽርጡና እጅጌው በደም ርሷል። ሴቶቹ ሲያዩት፣ "ተመታ! ወንድማችን ተመታ!" ብለው ኡኡታውን አቀለጡት። መበለቲቱ ዶሮዋን ለቃ ደረቷን ደቃች። ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰለት አጎቴ "የተኮስኩት እኔ ነኝ" ለማለት ወኔ አጣ።

"ወድቄ ነው" አለ በመጨረሻ። "ድንጋይ ነው። ክንዴን።"

ሚስቱ ሻሿን ፈታ ከሰው ፊት ቀድማ ደረሰችና ቁስሉን የሚያይ ሳይመጣ ግራ ክንዱን እስከ ብብቱ ጠቅልላ አሰረችው። አንገቱ ላይም አንጠለጠለችለት። እያሰረች በጆሮው፣ "አርደኸዋል?" ስትለው ሰማኋት። "ነፍሱ ሳትወጣ ደርሻለሁ፤ ቢስሚላህ ብያለሁ" አላት። ሽማግሌው ጎረቤታችን ቀረብ ብለው እጅጌውን አዩና፣

"እግዜር ይማርህ። ደምህ ግን ጠጉር አለው" አሉት በቀስታ። ከዚያ ሄደው ቦታቸው ተቀመጡ።

የመንደሩ ሰው እስከ ቀትር ከሸለቆው ላለመውጣት ተስማማ። እኛ የተጎዳውን ሰው ቤቱ እናስተኛለን ብለን ሦስታችን ተነሳን። የአላህ ምሕረት ይድረስላችሁ እየተባልን ነው የሄድነው። ያን ምርቃት ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይሞቃል።

ድኩላው ከእርሻው ጥግ፣ ከወይራው ሥር ተኝቷል። ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ሲያዩት የሚያሳሳ እንስሳ ነበር። የአጎቴ ሚስት ለአፍታ ቆማ አየችው፤ "ምስኪን፣ አንተም እንደኛ ልትሸሸግ መጥተህ" አለች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች።

በኋላ እግሩ ወይራው ላይ ሰቅለን ቆዳውን ገፈፍን። የዱር እንስሳ ቆዳ እንደ በግ በቡጢ አይለቅም፤ በቢላዋ ጫፍ እያባበሉ ማላቀቅ ነው፤ ጠጉሩ ሥጋው ላይ ከቀረ ሽታው አይለቅም። ሆዱን ስንከፍት እዚያው ተከራከርን። አጎቴ ጨጓራው ይታጠብ አለ፤ ሚስቱ ውሃ የምናመላልስበት ጊዜ የለንም አለች፤ ቀበርነው። ጉበቱን ግን በኮባ ቅጠል ጠቀለለችው። ከዚያ ብልት ብልቱን አወጣን፤ ታፋው፣ ወርቹ፣ ጎድኑ፣ ሽንጡ። ቀይ ነው፤ ጥቁር ሊባል ትንሽ የቀረው ቀይ፤ ጮማ የሚባል ነገር አልነካውም። በሁለት ጆንያ ከተን ከላዩ የማሽላ አገዳ አሰርንበት። አጎቴ አንዱን ጆንያ ሲሸከም አየሁና፣

"አጎቴ፣ ክንድህ!" አልኩት።

በድንጋጤ ጆንያውን አውርዶ ክንዱን ሻሹ ውስጥ መለሰ። የቀኙን ክንድ። ሚስቱ በእጇ መታችውና ግራውን አስገባችለት።

ቤት ገብተን በሩን ከውስጥ ቀረቀርን። መጀመሪያ ጉበቱ። ፍም ላይ ጣል አድርገን፣ ውስጡ ገና ቀይ እንደሆነ፣ ቆመን በላነው። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያላመጠው። ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። ሥጋ በብዛት ሲገኝ ቋንጣ ማድረግ ነው፤ ለቋንጣ ግን ጨው ያስፈልጋል፤ ያለን ጨው ግማሽ እፍኝ አይሞላም። የአጎቴ ሚስት አሰብ አደረገችና ከጓዳ ከብቶቹ ይልሱት የነበረ አንድ አሞሌ አወጣች። መሐሉ በምላስ ተሸርሽሮ ጀልባ መስሏል። በሙቀጫ ወቀጠችው። "ከብቶቹ ይቅር ይበሉን" አለች። እኔ ታፋውን ሳላቋርጥ ዘለዘልኩ፤ እሷ በአሞሌና በበርበሬ እያሸች ከጣሪያው ሥር በተወጠረው ገመድ ላይ ሰቀለችው። ቤቱ ውስጥ ጎንበስ ብለው ካልሆነ መሄድ የማይቻል ሆነ።

የቀረው አጥንቱና ወርቹ ነው። በውጭ ድምፅ እየተሰማ ነው፤ ሰው ከሸለቆው መመለስ ጀምሯል።

"ይህን ብንቀቅል ሽታው እስከ ውጫሌ ይሄዳል" አለ አጎቴ።

ይኼኔ ነው የኔ ትዕቢት የመጣው። ድስቴን ወደ መሐል ገፋ አድርጌ፣ "ይህች ድስት እንፋሎት አታወጣም። እንፋሎት ካልወጣ ሽታ ከየት ይመጣል? እናንተ እንደፈለጋችሁ ተቀመጡ፤ በሩ ላይ ሰው ቢቆም አያውቅም" አልኳቸው። ወርቹን ከነአጥንቱ ጨመርኩ፣ ሄሉንና ቀረፋውን ጣል አደረግኩ፣ ሁለት ጥቁር ሎሚ በቢላዋ ጫፍ ወግቼ ከተትኩ፤ የአጎቴ ሚስት "በጠጡን ተይው" ብትለኝም አልሰማኋትም። ክዳኑን ጠመዘዝኩ፣ እሳቱን ቆሰቆስኩ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ረስቼ ማለትም አይደለም። ሰባት ዓመት በአሠሪዎቼ ቤት እንዲህ ያለች ድስት ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮዬ ሥር ስትጮህ ስለኖርኩ፣ ድምፁ ለኔ እንደ ዝምታ ሆኗል። ድስቷ እንፋሎቱ ሲሞላባት ታፏጫለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ የሚመጣ የሚመስል ፉጨት።

ፏጨች።

ከውጭ አንድ ሰው "መጣች!" ብሎ ጮኸ። "ድሮን! ድሮን! ተኙ!" መንደሩ፣ ገና ጥቅሉን ያላወረደው መንደር፣ እንዳለ መሬት ላይ ተደፋ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ሼሁ ቦይ ውስጥ ናቸው። መበለቲቱ ዶሮዋ ላይ ተኝታባታለች። እናቶች ልጆቻቸውን በሆዳቸው ሸፍነዋል። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። እነዚያ ሴቶች ለመሞት ነበር የተዘጋጁት። ወደ ድስቷ ዞሬ እሳቱን በእጄ መበተን ጀመርኩ፤ እሷ ግን ቀጠለች። አጎቴም መቻል አቃተው። መቀርቀሪያውን ወርውሮ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ወጣ።

"ድስት ነው! ወላሂ ድስት ነው! ተነሱ፣ ድስት ነው!"

ሻሹ አንገቱ ላይ ባዶውን ይወዛወዛል። በሩ እንደተከፈተም ያ የሥጋ፣ የቀረፋና የጥቁር ሎሚ ሽታ ከኋላው ወጣ። ሰዎቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ ያልተኙት፤ አጥራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ክንድህ ዳነ?" አሉት።

ዳኝነቱ እዚያው ደጃፋችን ላይ ተሰየመ። ማን ይዳኝ ሲባል ሼሁ ራሳቸው ከቦዩ እየወጡ፣ "እኔ ሽታው ደርሶኛል፤ ልቤ ወደ ድስቱ አድልቷል" ብለው ሽማግሌውን ጠቆሙ። እሳቸው የኛን እርድ አይበሉም፤ በዚያ ላይ የነቢያት ጾም ገብቶ ጾመኛ ነበሩ። ከሥጋው የሚጠቅማቸው ነገር ስለሌለ ሰው ሁሉ ተስማማ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አጎቴን ፊታቸው አቆሙት።

"ማነው የተኮሰ ሰው ለዳኝነት ይቁም ያለው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"ማነው የተኮሰው?"

"እሱም እኔው ነኝ።"

"ሰው ሲያለቅስልህ ለምን ዝም አልክ?"

አጎቴ መሬት መሬት አየ። ከዚያ እውነቱን ተናገረ። "ማንም እንደዚያ አልቅሶልኝ አያውቅም" አለ። "ትንሽ ደስ አለኝ።"

ሰው ሳይወድ ሳቀ። ሼሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ቢስሚላህ ያለው ሲተኩስ ነው ወይስ ሲያርድ። "ስተኩስም፣ ስሮጥም፣ ሳርድም፤ አባርሬ ስደርስበት ያልኩትንማ አልቆጠርኩትም" አላቸው። ሽማግሌው ፈረዱ። ድኩላው የመንደሩ ነው። አጎቴ ከሥጋው ለማይደርሳቸው ጾመኛ የክርስቲያን ቤቶች ማሽላቸውን ከራሱ ቀድሞ ያጭድላቸዋል። ምንሽሩ ለጊዜው እሳቸው ዘንድ ትቀመጣለች። ቀጥለው ወደኔ ዞሩ።

"አንቺ ታበስያለሽ። ያቺን የምታፏጭበትን ነገር ግን ነቅለሽ አምጪ።"

ከክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት አውጥቼ ሰጠኋቸው። በዚህም በዚያም አገላብጠው አይተው፣ አንዴ እንደ ፊሽካ ነፉባት፤ አልጮኸችም፤ ኪሳቸው ከተቷት።

ስለዚህ የቀረውን ሥጋ በትልልቁ የሠርግ ብረት ድስት፣ በግልጽ፣ ደጃፍ ላይ አበሰልኩ። እንደ ልማዴ ሩዝ ይገባበት ነበር፤ ሩዝ ከየት ይመጣል? ሴቶቹ ማሽላ በድንጋይ ወፍጮ ሸረከቱልኝና መረቁ ውስጥ ጨመርኩት። ለጾመኞቹ ሥጋ ባልነካው ድስት፣ በዘይትና በዚያው ቅመም ሌላ አደረግኩ። ጥቁሩን ሎሚ ያየ ሁሉ ይሄ ምንድን ነው ይላል፤ የአጎቴ ሚስት ለእያንዳንዱ፣ "የአረብ አገር በጠጥ ነው፤ ብሉት፣ መድኃኒት ነው" እያለች ታሳስቃቸዋለች። ሥጋው ማኘክ ይፈልጋል፣ ግን ይጣፍጣል፤ የቅጠልና የጢስ ጣዕም አለው። ሽማግሌው የጾሙን ድስት ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። ሲጨርሱ አንዲት ሎሚ ከሳህናቸው አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት።

ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ማንም ቤቱ አልገባም። ልጆቹ አጎቴን አስቁመው እንዴት እንደተኮሰ አሳየን ይሉታል፤ ያሳያል፤ በየጊዜው ድኩላው እየራቀና እየገዘፈ ሄደ። ሚስቱ በመጨረሻ፣ "ከዚህ በኋላ አንበሳ ሊሆን ነው፤ ተቀመጥ" አለችው።

ከአራት ቀን በኋላ እውነተኛው ውጊያ በተራራው ማዶ አለፈ። ሁለት ቀን ሸለቆው ውስጥ ቆየን። ያን ጊዜ ጥይቱን የሚቆጥር ሰው አልነበረም፤ ልጆቹ ግን ሲፈሩ የድኩላውን ወሬ ንገረን እያሉ አጎቴን ያስጨንቁት ነበር፤ እሱም ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይነግራቸው ነበር። ከኛ መንደር ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ።

መንገዱ ሲከፈት በጭነት መኪና ወደ ሐይቅ ወረድኩ። የቤቴ በር ተሰብሯል፣ ማቀዝቀዣዬ የለም፣ ወንበሮቹ ለማገዶ ተፈልጠዋል። አንድ ሳምንት ወለል ሳጥብ ከረምኩ። ከዚያ አንድ አሣ አጥማጅ አራት አሣ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሞ ትገዣለሽ ወይ አለኝ። በብድር ከሆነ አልኩት። አስቦ አስቦ አራቱን አሣ ደፉ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ።